በሞቴ ያለች ሚዛን ላይ ትወጣለች

ጾም ያከሳል ያለ ሰው ይምጣና እኔን ይየኝ።

እታገኘሁ እባላለሁ። አምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ፣ የተማሪዎች ፋይል ክፍል ከተቀመጥኩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ተቀመጥኩ ስል እውነቴን ነው፣ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ወንበሬ ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ተቀይሯል። ሁለቱን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሦስተኛው ግን በራሱ ጊዜ ነው የተሰበረው፣ ሥላሴን!

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እኔ ጉልበቴን አሳያለሁ፣ እነሱ ደሜን ይቀዳሉ፤ እኔ እግሬን እዘረጋለሁ፣ እነሱ ሚዛን ላይ ያወጡኛል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ የተማሪነት ፋይሏን ሳልይዝላት አልቀረሁም። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና "እማማ፣ ስኳርዎ ጠርዝ ላይ ነው" አለችኝ። እማማ! ስኳሩን ትቼ እማማ በመባሌ ተናደድኩ።

"በዚህ ዕድሜ ሰውነት እንደ ድሮው አያቃጥልም" አለች። "የድሮውን ያህል ከበሉ ትርፉ ወገብዎ ላይ ይቀራል። እስከ ጥምቀት ስድስት ኪሎ ይቀንሱና እንየው። ካልሆነ መድኃኒት እንጀምራለን፤ እሱም ካልያዘው መርፌ ነው።"

መርፌ ስትል ሳቄም ቁጣዬም ጠፋ። እናቴን የበላት ስኳር ነው። መጀመሪያ ጣቷን ወሰዱ፣ ከዚያ እግሯን ከጉልበቷ በታች። የመጨረሻዋን ጥምቀት ደጅ ወንበር አውጥተን አስቀመጥናት፤ ታቦቱ ሲያልፍ ቁጭ ብላ አጨበጨበች። እኔም ያን ቀን፣ እግር እስካለኝ ድረስ ታቦት አጅቤ ቀሐ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ፣ እወርዳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ዓምና ግን ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ታቦቱ በእግር፣ እኔ በባጃጅ! ሾፌሩ ደግሞ ሕዝቡ መሀል ክላክሱን ይነፋል። አፈርኩ እቴ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ነው የሄድኩት።

ታዲያ ከሐኪሟ ስወጣ ልቤ ወዲያው ተጽናና። "ስድስት ኪሎ ምን አላት?" አልኩ። ኅዳር ዐሥራ አምስት የነቢያት ጾም ይገባል፣ አርባ ሦስት ቀን ሙሉ። በጾም ደግሞ ማን ይችለኛል! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ በአፌ አይዞርም። ነቢያቱ ራሳቸው ያከሱኛል ብዬ ተማመንኩ።

ጾሙ ሊገባ ሲል ፒያሳ አያ ዋሴ ዘንድ ሄጄ ተመዘንኩ። አያ ዋሴ ከጭልጋ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሚዛን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ይመዝናሉ። ድሮ ገበያ ላይ እህል ሲመዝኑ ስለኖሩ፣ ሰውንም እንደ ጤፍ ጆንያ ጮኸው ነው የሚጠሩት።

"ሰማንያ ሰባት!" አሉ፣ መንገዱ በሙሉ እየሰማ።

"ምነው አያ ዋሴ፣ ቀስ ብለው ቢናገሩ?"

"ምነው አፈርሽ? ሸጋ ኪሎ ነው!"

ጾሙ ገባ። በጾም አስፈቅጄ ቀደም ብዬ ስለምወጣ ቤቴ የምደርሰው ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አንድ ዳቦ በለውዝ ቅቤ። የጾም ነው። ከዚያ ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈ ሽሮ፣ በሁለት እንጀራ። እሱም የጾም ነው። ከዚያ ሩዝ፣ ከሩዙ ኋላ መንገድ ላይ የገዛኋት ፓስቲ፣ ከፓስቲዋ ኋላ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ከሻዩ ጋር ሐላዋ። ስኳር የጾም ነው፣ ሐላዋ የጾም ነው፣ ማን ከለከለኝ! ሙሉቀን፣ ባሌ፣ ከሶፋው ላይ ሆኖ ያየኛል ያየኛልና "አንቺ ሴትዮ፣ ፍስኩ ሳይሻልሽ አይቀርም" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ከጧት ጀምሮ ጦሜን የዋልኩ ሰው ነኝ!" እለዋለሁ። ደግሞም ውዬ ነበር እኮ፣ አልዋሸሁም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሽር ብትን እያልኩ አያ ዋሴ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ቢያንስ አራት ኪሎ ወርዷል ብዬ ልቤ ሞልቷል።

"ዘጠና!"

"ምን?"

"ዘጠና አልሁ! ዘጠና!" ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሚዛንዎ ጠላ ጠጥቷል፣ አያ ዋሴ!"

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቀስ ብለው ተነሱና ራሳቸው ወጡበት፤ አምሳ አራት። ወረዱና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ስሚ እቴ" አሉ፣ "እዚህ በረንዳ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። የቢሮ ሴቶች ጾም ሲገባ ይከብዳሉ፣ ሲፈታ ይቀላሉ። መጀመሪያ እኔም ሚዛኑን ጠርጥሬው ነበር። ኋላ ገባኝ። እኛ አገር ጿሚ ቆሎውን ቆርጥሞ እርሻ ይወርዳል። እናንተ ወንበር ላይ ትውላላችሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲል የቁርሱን፣ የምሳውን፣ የራቱን ባንድ አፍ ታገቡታላችሁ። ዘይት ኪሎ የለውም ያለሽ ማን ነው?"

ወይ ንዴት! ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። በንዴት ባጃጅ ሳልይዝ ከፒያሳ ማራኪ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ጉልበቴ ስላልከዳኝ ገረመኝ። በማግስቱም ተናድጄ ነበርና በእግሬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ንዴቱ ቢያልፍም እግሬ ለምዶት ነበር። ከትሪው ወደ ሳህን ወረድኩ፣ ሽሮው ዘይት ቀነሰ፣ ምስርና ጎመን በዛ። ፓስቲ የምትሸጠው ሴትዮ በር ላይ ሳልፍ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ እይዛለሁ። ስኳር የሌለው ሻይ ግን፣ እህቴ፣ ለጠላቴም አልመኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከፊቴ ትልቅ ጋሬጣ ነበረብኝ፤ ወለተሩፋኤል።

ወለተሩፋኤል ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፣ ከልጅነት ጀምሮ ባልንጀራዬ፤ እኔ ወለቴ ነው የምላት። ወር በገባ በሰባት የሥላሴ ማኅበር አብረን እንጠጣለን። በማኅበሩ ከሷ እጅ ያመለጠ ሰው የለም። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ወፍራም ጋቢዋን ተከናንባ፣ ወፍራም ጉርሻ ጠቅልላ አፍሽ ድረስ ትመጣለች። "ጠገብኩ" ስትዪ "በሞቴ!" ትላለች። ስታመነቺ "አፈር ስሆን! ቅበሪኝ!" ትላለች። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ትበያለሽ። ታኅሣሥ ሰባት ብቻ አራት ጊዜ ቀብሬያታለሁ። እሷ እንደ ልቧ እየበላች እንዳልወፈረች አስብና በቅናት እበግናለሁ።

ጥር ሰባት ደግሞ ተራው የኔ ነው፤ ጽዋው እኔ ቤት ነው። ገና አልፎ ፍስክ ነው፣ ዶሮው አለ፣ ቅልጥሙ አለ። ድግሱን ላሳንሰው ብል "እታገኘሁ ቆጠቆጠች" ተብሎ እስከ ፀዳ ከተማ ድረስ ይወራል። ልደግስ ብል በሞቴ እየተባልኩ ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ባንድ ቀን ገደል ሊገባብኝ ነው። ጥምቀት አራት ቀን ቀርቶታል፤ ያ ባጃጅ በዓይኔ መጣ። ተገላብጬ አስቤ አስቤ፣ ጧት ተነስቼ አያ ዋሴ ዘንድ ሄድኩ።

"ዶሮም ጠላም አለ፤ ሚዛንዎን ይዘው ይምጡልኝ" አልኳቸው።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ቄሱ ባርከው ከሄዱ በኋላ መሀል ቤት ቆምኩ። አያ ዋሴ በሩ አጠገብ ሚዛናቸውን ዘርግተው ጠላቸውን ይዘዋል።

"እህቶቼ" አልኩ፣ "ቤት ያፈራው ሁሉ ቀርቧል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ። ግን የዛሬ ሕግ አለ። በሞቴ ብላ ሌላዋን ያስጨነቀች ሚዛን ላይ ትወጣለች። አያ ዋሴም ኪሎዋን ይጠራሉ።"

"እንዴት ይጠራሉ?" አለች ሸዋረጋ፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን።

"ሰማንያ! ዘጠና! እንዲህ አድርጌ!" ብለው አያ ዋሴ ጮሁላት፤ ጣራው ተንቀጠቀጠ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ጸጥ አለ። ዐሥራ ሁለት ሴት ባንድ ጊዜ አፏን ጠብቃ ስትበላ አይተሽ ታውቂያለሽ? አሥር ደቂቃም አልቆየ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ይመኙሽ፣ ቅልጥሟን ይዛ ወደ ሸዋረጋ ዞረችና "እንዴ፣ ይቺንማ በሞ..." ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

"ግማሽ ናት! ግማሽ አይቆጠርም!" ብላ ጮኸች።

"በአንድ እግርሽ ውጪያ!" አለቻት ሸዋረጋ።

እየጎተትን አወጣናት። "ሰባ ዘጠኝ!" ይመኙሽ ራሷ በሳቅ ሚዛኑ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። ከዚያ ሸዋረጋ አመለጣት፤ ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ጣለች፣ አምባሯን አወለቀች፣ የአንገት ወርቋን ሳይቀር ለኔ አስያዘችኝ። "ሰማንያ ሦስት!" "ወርቄን ያላወለቅሁ ቢሆን ምን ይሉኝ ነበር!" ቀጥሎ እኮ ሳያምሉ የሚወጡም መጡ፤ ወረፋ ሆነ፣ ግፊያ ሆነ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም፤ ሆዴን ይዤ ግድግዳ ተደገፍኩ።

ወለተሩፋኤል ብቻ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላለች። ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ ፈገግ ትላለች እንጂ ቃል አይወጣትም። እኔን ደግሞ ሰይጣን ገባብኝ፤ ስንት ዓመት በሞቴ ያለችኝን ብድሬን ልመልስ አሰኘኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ባዶ ሳህኔን አየት አደረግኩ። ሥራዋን አልረሳችም፤ ወዲያው ጠቅልላ ወደ አፌ ላከች። ከንፈሬን ገጠምኩ።

"ብዪ እንጂ" አለች።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ምን ሆነሻል፣ አንድ እኮ ናት።"

ነቀነቅኩ።

"ኧረ በሞቴ!"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ! ወለቴ ግን ልትስቅ አልቻለችም። "ተዉኝ፣ ወገቤን ያመኛል" አለች። ማን ይሰማታል! "ሕግ ሕግ ነው!" እያልን አነሳናት። "ጋቢው ብቻ ሦስት ኪሎ ነው!" ብላ ይመኙሽ ጋቢዋን ገፈፈች። እኔ አንዱን ሹራብ አወጣሁ፣ ሸዋረጋ ሁለተኛውን። ክንዷን ስይዛት ጣቶቼ ዞረው ተገናኙ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም። ሚዛኑ ላይ ወጣች።

አያ ዋሴ አጎነበሱ። ቁጥሩን አዩ። ቀና ብለው ፊቷን አዩ። እኒያ ጤፍ ሲጠሩ የኖሩ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ።

"አርባ ስድስት" አሉ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ፊቴን ሲያዩ ሳቁ ተቋረጠ። ዞር ብዬ ሳህኗን አየሁት፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ከመነካቱ በቀር እንዳለ ነው። ስንት ማኅበር አብረን ተቀምጠናል፣ እጇ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው አፍ ነው የሚሄደው። እሷ ስትበላ ያየሁበትን ቀን ፈለግኩ፣ ላስታውስ አልቻልኩም።

"ሁለት ዓመቴ ነው" አለች፣ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች። "ስኳር ነው። መርፌ እወጋለሁ። ቅድምም ጓዳሽ ገብቼ ተወግቼ ነው የተቀመጥኩት። ሐኪሜ የምበላውን ለክቶ ሰጥቶኛል፣ እናንተ ደግሞ ካላጎረስኳችሁ ሳህኔን ታዩብኛላችሁ።"

አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፣ እኔ እንዲህ ነኝ። "እናቴን በምን እንደቀበርኩ እያወቅሽ ከኔ ትደብቂያለሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

"እናትሽን ስለማውቅ ነዋ የደበቅኩሽ" አለች። "ስታዪኝ እሷን እንዳታዪ ብዬ ነው።"

አቀፍኳት። ሹራቧን እኔው መልሼ አለበስኳት፤ ሸዋረጋ እንባዋን እየጠረገች ወርቋን ትፈልጋለች፣ ወርቁ ለካ እኔ አንገት ላይ ነው። መጀመሪያ የሳቀችው ወለቴ ናት። "ምነው ፈዘዛችሁ! እታገኘሁ ስድስት ኪሎ የሚወስድላት ትፈልግ የለ? እኔ ስድስት እፈልጋለሁ። እዚሁ እንፈጽመው!" አለች። አያ ዋሴም ድምፃቸው ተመለሰ፤ "እኔ ምስክር ነኝ!" ብለው ጠላቸውን አስሞሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ካራሜላ አይጠፋም። ስኳሯ ድንገት የወረደ እንደሆን ለሷ ነው፣ ለኔ አይደለም። አንዷን እንኳ አልቀመስኩም። እሺ፣ አንዷን።

የከተራ ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ሁለታችን ክንድ ለክንድ ተያይዘን ተከተልን። ከበሮው ሲመታ ጉልበቴን ሞከርኩት፤ ያዘልኝ። ጨፈርኩ። ያዘልኝ! ባጃጅ ባየሁ ቁጥር እንደ ባለዕዳ ዓይኔን እሰብር ነበር፣ ዘንድሮ ምላሴን አወጣሁበት። "ወለቴ፣ እዪኝማ!" እያልኩ ዞርኩ።

ወለቴ አላየችኝም። ፊቷ በላብ ተጠምቋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ አንድ ቦታ አይቆምም። "ልጆቹ ደብተራቸውን አላስረከቡም" አለችኝ። እናቴም ስኳሯ ሲወርድ እንዲህ ትቀባዥር ነበር።

"ወለቴ፣ ምን በላሽ?"

"ገሃድ ነው" አለች። "ጾም ነው።"

"ተወግተሻል?"

"ተወግቻለሁ።"

ወይኔ ጉዴ! መርፌዋን ወግታ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ይህን ሁሉ መንገድ! የንስሐ አባቷ ሕመምተኛ አይጹም ብለዋት ሲያበቁ! አጥር ሥር አስቀመጥኳትና ካራሜላውን ልጬ ወደ አፏ ሰደድኩ። ከንፈሯን ገጠመች፤ ልክ እኔ እንዳደረግኳት።

"ታቦቱ ሳይገባ አልቀምስም።"

"ወለቴ፣ ስኳርሽ ወርዷል፣ መድኃኒትሽ ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። ለመንኳት። ቆጣ አልኩ። አለቀስኩ። ነቀነቀች። ሕዝቡ እየዘፈነ ያልፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እኔ ከተንበረከኩበት ዓይኗ ሲከደን አያለሁ።

"በሞቴ!" አልኩ።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"በሞቴ፣ ወለቴ! አፈር ስሆን! ቅበሪኝ! ገሃዱ በኔ ይሁን፣ በሞቴ!"

አፏን ከፈተች። አንድ ሰጠኋት፣ ሁለት፣ ሦስት። አንዲት ሴት ከልጇ እጅ ለስላሳ ነጥቃ አቀበለችኝ፤ ቀስ እያደረግኩ አጠጣኋት። ዳቦ አስገዝቼ አስገመጥኳት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ለኔ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ እጇ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ዓይኗ ተመለሰና ፊቴ ላይ አረፈ።

"ባጃጅ ልጥራልሽ?" አልኳት።

"አንቺ ዓምና ያፈርሽበትን ለኔ?" አለች። ወለቴ ተመልሳለች! እዚያው አጥር ሥር አቅፌ ሳምኳት። ጥቂት አረፍንና፣ እሷ ዳቦዋን እየገመጠች፣ እኔ ክንዷን ይዤ፣ ቀስ እያልን ቀሐ ወረድን። በእግሬ ወረድኩ፣ እህቴ። እስከ መጨረሻው በእግሬ።

ቀሐ ስንደርስ ሰው እንደ አሸዋ ነው። ወለቴ ድንገት ቀጥ አለች።

"በሞቴ ብለሻል" አለች።

"ብያለሁ።"

"ስንቴ?"

"እኔ እንጃ፣ አልቆጠርኩም።"

"ሕግ ሕግ ነው" አለችና በጣቷ አሳየችኝ። አያ ዋሴ የበዓሉ ገበያ እንዳያመልጣቸው፣ ከዛፍ ሥር ሚዛናቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"ይኼ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ኧረ ወለቴ!"

"በሞ..." ልትል አፏን ከፈተች፤ ሳትጨርሰው ዘልዬ ወጣሁ።

አያ ዋሴ አጎነበሱ። እኔም ወደ ታች አየሁ። ቁጥሩን አላየሁም፤ እግሬን ነው ያየሁት። ሁለቱም አሉ። አቧራ ጠጥተዋል፣ ጫማው ልጦኛል፣ ግን ሁለቱም ቀሐ ደርሰው ሚዛን ላይ ቆመዋል። እናቴን አሰብኳት፣ በሷም ፈንታ አየኋቸው።

"ሰማንያ ስድስት" አሉ አያ ዋሴ ቀስ ብለው፤ ለካ ከባለፈው ቀን መማራቸው ነው።

ሰማንያ ስድስት! ሁለት ወር ሙሉ ለፍቼ፣ ጾሜ፣ ወፍሬ፣ ተናድጄ፣ ሄጄ፣ ከጀመርኩበት አንድ ኪሎ! ሐኪሟ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። መድኃኒት ካለች እወስዳለሁ፣ መርፌ ካለችም እንዴት እንደሚወጋ የምታሳየኝ አጠገቤ ቆማለች፣ አፏን በዳቦ ሞልታ።

"አያ ዋሴ" አልኳቸው፣ "ምነው ድምፅዎ ጠፋ? ጮክ ብለው ይጥሩት እንጂ!"

"ሰማንያ ስድስት!" አሉ፣ ቀሐ በሙሉ እየሰማ። ወለቴም ዳቦዋን ዋጠችና እልል አለች።